ተመኑ ይቀድማል ወይስ በጀቱ? ስለ ቤት ግብርና ስለ ከተማ በጀት ከሐይቅ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «የምኖረው ሐይቅ ከተማ ነው። ሚኒሶታ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ከተማ ቤት ገዝቶ የሚኖር ወንድሜ በኅዳር የደረሰውን የግብር ማስታወቂያ ፎቶ አንሥቶ ላከልኝ። የቤቱ ግምት ከአምናው አልጨመረም፤ ግብሩ ግን ጨምሯል። ምክንያቱን ሲጠይቅ የከተማው በጀት ስላደገ ነው አሉት። እኔ ለቦታ ኪራይና ለቤት ግብር የምከፍለው ለዓመታት ሳይለወጥ ቆይቷል፤ አሁን ግን በአዲሱ የንብረት ታክስ ይጨምራል ይባላል። የእኛ ከተማ ግብሩን የምትወስነው እንዴት ነው? እንደ ወንድሜ ከተማ ወጪዋን አስልታ ለየቤቱ ታካፍላለች ወይ? ጎረቤቴስ ከእኔ ያነሰ የሚከፍለው ለምንድን ነው?»

ሁለቱም ከተሞች ከቤት ላይ ግብር ይሰበስባሉ፤ የስሌታቸው አካሄድ ግን ተቃራኒ ነው። የወንድምዎ ከተማ ከወጪዋ ተነሥታ ወደ ግብሩ ትወርዳለች፤ የእርስዎ ከተማ ደግሞ ሕግ ካስቀመጠላት ተመን ተነሥታ ወደ በጀቷ ትሄዳለች። ስለዚህ «ለየቤቱ ታካፍላለች ወይ?» ለሚለው አጭሩ መልስ «አታካፍልም» የሚል ነው። በአንድ መንገድ ግን ታካፍላለች፤ እርሱም በግብር ስም ሳይሆን በመዋጮ ስም ስለሆነ በኋላ እመለስበታለሁ።

ወሎ ውስጥ ላደገ ሰው የወንድምዎን ከተማ አሠራር ለማስረዳት ከቅሬ፣ ሌላው አገር እድር ከሚለው፣ የቀረበ ምሳሌ አላገኘሁም። የቅሬው ድንኳን አርጅቶ አዲስ መግዛት ሲያስፈልግ ኃላፊዎቹ በመጀመሪያ የድንኳኑን ዋጋ ያጣራሉ፤ በካዝና ያለውን ገንዘብ ይቀንሳሉ፤ የጎደለውን ለአባላቱ ያካፍላሉ። ማንም ቀድሞ «እያንዳንዱ አባል ይህን ያህል ይክፈል» ብሎ አይነሣም፤ የሰው ድርሻ የሚታወቀው ጉድለቱ ከታወቀ በኋላ ነው። ልዩነቱ ቅሬ ለየቤቱ እኩል ሲያካፍል የአሜሪካው ከተማ እንደ ቤቱ ዋጋ ማካፈሉ ብቻ ነው።

በሚኒሶታ የከተሞች በጀት ዓመት ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ነው። የከተማው ምክር ቤት የየክፍሉን ወጪ ይደምራል፤ ከዚያ ላይ ከአገልግሎት ክፍያና ከፈቃድ የሚያገኘውን፣ እንዲሁም ግዛቱ ለከተሞች የሚሰጠውን ድጎማ ይቀንሳል፤ የቀረው ጉድለት ከባለ ንብረቶች ሁሉ የሚሰበሰብ ጥቅል ግብር ይሆናል። የመጀመሪያውን አሃዝ እስከ ሴፕቴምበር 30 ማሳወቅ አለበት፤ ከዚያ በኋላ ሊቀንሰው እንጂ ሊጨምረው አይችልም። ወንድምዎ የላከልዎት ወረቀት በኖቬምበር ለእያንዳንዱ ባለ ንብረት የሚላከው ማስታወቂያ ነው። ውሳኔው የሚጸናው በዲሴምበር፣ ነዋሪው ሐሳቡን እንዲያሰማ ዕድል ከተሰጠው በኋላ ሲሆን፣ ሥራ የዋለ ሰው መድረስ እንዲችል ስብሰባው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት እንዳይጀመር ሕጉ ያስገድዳል። ይህችን ድንጋጌ እኔ በግሌ አደንቃታለሁ፤ በእኛ ዘንድ የበጀት መድረክ ብዙ ጊዜ የሚጠራው ነጋዴው ሱቁን፣ ሠራተኛው ቢሮውን ዘግቶ መምጣት በማይችልበት በሥራ ሰዓት ነውና።

ስሌቱን በምሳሌ ላሳይዎት፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል የወሰድኳቸው ናቸው። ከተማዋ ለዓመቱ 4 ሚሊዮን ዶላር ያስፈልጋታል እንበል። ከሌላ ምንጭ 2.4 ሚሊዮን ካገኘች ጥቅል ግብሩ 1.6 ሚሊዮን ይሆናል። በሚኒሶታ ባለቤቱ የሚኖርበት ቤት ከሚታሰብበት ዋጋ እስከ 500,000 ዶላር ድረስ ያለው 1 በመቶው ብቻ ለግብር መሠረት ሆኖ ይመዘገባል፤ የንግድ ሕንፃ ደግሞ በመጀመሪያው 150,000 ዶላር 1.5 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ባለው 2 በመቶ ይመዘገባል። የከተማዋ ንብረት ሁሉ በዚህ መንገድ ተደምሮ መሠረቱ 3.2 ሚሊዮን ከሆነ፣ 1.6 ሚሊዮኑ ለ3.2 ሚሊዮን ተካፍሎ ተመኑ 50 በመቶ ይወጣል። በ200,000 ዶላር የታሰበ ቤት መሠረቱ 2,000 ዶላር ስለሆነ ባለቤቱ ለከተማዋ 1,000 ዶላር ይከፍላል ማለት ነው።

አሁን የሁሉም ሰው ቤት ዋጋ በአንድ ጊዜ 10 በመቶ ቢጨምርና ምክር ቤቱ ያንኑ 1.6 ሚሊዮን ቢሰበስብ፣ መሠረቱ 3.52 ሚሊዮን ይሆናል፣ ተመኑ ወደ 45.45 በመቶ ይወርዳል፣ የዚያ ቤት ባለቤትም ያንኑ 1,000 ዶላር ይከፍላል። በተቃራኒው የማንም ቤት ዋጋ ሳይነቃነቅ ምክር ቤቱ ጥቅሉን ካሳደገ የሁሉም ግብር ይጨምራል። በወንድምዎ ላይ የደረሰው ይህ ይመስለኛል፤ ወይም የሌሎች ንብረት፣ በተለይም የንግድ ሕንፃዎች፣ ግምት ወርዶ የእርሱ ድርሻ ከፍ ብሎ ይሆናል። በዚያው ወረቀት ላይ የአውራጃውና የትምህርት ቤቱ ድርሻ ለየብቻ ስለተጻፈ ጭማሪው ከየትኛው እንደመጣ ለይቶ ማየት ይችላል። በቤቱ ግምት ላይ ቅሬታ ካለው ግን በዲሴምበር ስብሰባ ላይ ቢያነሣው የሚሰማው የለም። ለዚያ የሚሆነው በአፕሪልና በሜይ የሚቀመጠው የግምት ይግባኝ ጉባኤ ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ ነገሩ ቅሬን መምሰሉ ይቀርና የባቲን የሰኞ ገበያ ይመስላል። በገበያው በር ላይ ለአንድ ግመል፣ ለአንድ በሬ ወይም ለአንድ ፍየል የሚከፈለው ቀድሞ የታወቀ ነው፤ ያልታወቀው በዕለቱ ስንት ከብት እንደሚገባና ስንቱ ሳይከፍል እንደሚያልፍ ነው። ማታ ደረሰኙ ሲደመር የተገኘው የቀኑ ገቢ ይባላል፤ ወጪውም ከዚያ ይበጀታል። የቦታ ኪራይና የቤት ግብር እንዲሁ ነው።

መሠረቱ የተጣለው በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ በኋላ በወጣው አዋጅ ቁጥር 80/1968 ነው። በዚህ ሥርዓት ባለ ይዞታው ሁለት ነገር ይከፍላል። አንደኛው የቦታ ኪራይ ሲሆን በካሬ ሜትር፣ በቦታው ደረጃና በአገልግሎቱ ይሰላል። ሁለተኛው የቤት ግብር ሲሆን መነሻው የቤቱ መሸጫ ዋጋ ሳይሆን ቤቱ ቢከራይ በዓመት ያወጣል ተብሎ የተገመተው ኪራይ ነው፤ ማስከፈያውም ከ1 በመቶ ጀምሮ እስከ 4.5 በመቶ እየጨመረ ይሄዳል። ሰው «ጣሪያና ግድግዳ» የሚለው ይህንን ነው፤ ስሙ በተለይ በ2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ የኪራይ ግምቱን ባሻሻለች ጊዜ በሁሉም አፍ ገባ።

ሕጉን የሠሩት ሰዎች ግምቱ በየጊዜው እንደሚታደስ ተስፋ ያደረጉ ይመስለኛል። በአብዛኞቹ የወሎ ከተሞች ግን ግምቱ ሳይታደስ ብር ዋጋውን አጣ። አንድ ቤት በቀድሞው ግምት በዓመት 3,000 ብር ይከራያል ተብሎ ተመዝግቦ ከሆነ፣ ሙሉው ገንዘብ በከፍተኛው በ4.5 በመቶ ቢታሰብ እንኳ ግብሩ 135 ብር ነው። ዛሬ በዚያ ብር ለቤተሰብ የሚበቃ ሥጋ አይገዛም። የሚከፍሉት ለዓመታት ያልተለወጠው ከተማዋ ራርታ ወይም ወጪዋ ባለበት ቆሞ ሳይሆን ወጪው ከዚህ ግብር ጋር መጀመሪያውኑ ስላልተያያዘ ነው።

ታዲያ በጀቱ ከየት ይመጣል? የከተማ አስተዳደር ሁለት ከረጢት አለው ብለው ያስቡ። የመጀመሪያው ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለፍትሕና ለመሳሰሉት የሚውለው ሲሆን፣ ከክልሉ በቀመር ተሰልቶ በሚመጣ ድጎማና ከደመወዝ፣ ከንግድ ትርፍና ከመሳሰሉት በሚሰበሰብ ግብር ይሞላል። ሁለተኛው «ማዘጋጃ ቤታዊ ገቢ» የሚባለው ነው፤ የቦታ ኪራይ፣ የቤት ግብር፣ የሊዝ ክፍያ፣ የገበያ ቦታ፣ የቄራ፣ የመናኸሪያ፣ የግንባታ ፈቃድና የቀበሌ ቤት ኪራይ እዚህ ይገባሉ። ከዚህ ከረጢት የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኞች ደመወዝ፣ ጽዳቱ፣ የመንገድ መብራቱ፣ የውስጥ ለውስጥ መንገዱና የውሃ መውረጃው ይሸፈናሉ። ስለዚህ የእርስዎ የቤት ግብር የመምህር ደመወዝ አይከፍልም፤ የሰፈርዎ ቦይ ሲደፈን ግን ሊጠይቁበት የሚችሉበት ገንዘብ ነው።

የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል። ከወራት በፊት የገንዘብ ጽሕፈት ቤቱ ለየክፍሉ የበጀት ጥሪ ይልካል፤ ክፍሎቹ ፍላጎታቸውን ያቀርባሉ፤ ፍላጎቱም ሁልጊዜ ከጣሪያው በላይ ነው። የገቢዎች ጽሕፈት ቤት የዓመቱን የገቢ ዕቅድ ያቀርባል፤ ከንቲባውና ካቢኔው ካዩት በኋላ የከተማው ምክር ቤት ያጸድቀዋል። የክልሉ ምክር ቤት የራሱን በጀት ብዙ ጊዜ የሚያጸድቀው ሐምሌ ከገባ በኋላ ስለሆነ ትናንሾቹ ከተሞች የድጎማቸውን ቁርጥ ሳያውቁ ዓመቱን ይጀምራሉ፤ ሐምሌና ነሐሴ በግማሽ ልብ የሚሠራባቸው ወሮች የሚሆኑትም ከክረምቱ ባሻገር ለዚህ ነው።

በዚህ ሁሉ ሂደት እኔ በጣም የምፈራው ወረቀት የገቢ ዕቅዱ ነው። የወንድምዎ ከተማ ጥቅሉን ከወሰነች በኋላ ገንዘቡ በአብዛኛው ይገባል፤ የቤት ግብር በሜይ 15 እና በኦክቶበር 15 በሁለት ክፍያ ይጠናቀቃል፣ ያልከፈለም ቤቱን እስከማጣት ይደርሳል። በእኛ ዘንድ ግን ወጪው ከገቢው መብለጥ ስለማይችልና ፍላጎቱ ስለሚበልጥ፣ ሁለቱን በወረቀት ላይ ለማስታረቅ ቀላሉ መንገድ የገቢ ዕቅዱን ማሳበጥ ነው፤ በቢሮ ቋንቋ «የተለጠጠ ዕቅድ» ይባላል። በአገልግሎት ዘመኔ በአንድ ከተማ የዓመቱ ዕቅድ የተሠራው በአምናው ክንውን ላይ ሳይሆን በአምናው ዕቅድ ላይ 30 በመቶ በመጨመር ነበር፤ አምና ግን ከዕቅዱ የተሰበሰበው ከግማሽ ብዙም አይበልጥም። ካቢኔው አጨበጨበ፣ ምክር ቤቱም በሙሉ ድምፅ አጸደቀ። በየካቲት የካዝናው ልክ ሲታወቅ ደመወዝ መቁረጥ ስለማይቻል የተቆረጠው የካፒታል፣ ማለትም የግንባታ፣ በጀት ሆነ። ግማሹ የተቆፈረ የውሃ መውረጃ ድጋፍ ግንቡ ሳይሠራ ክረምት ደረሰበት፤ ተቋራጩም ክፍያውን ለማግኘት ሁለት ዓመት ተመላለሰ። እኔም ያንን ሰነድ ካዘጋጁት አንዱ ነበርኩ።

ይህ በተለይ ወሎ ላይ ይከፋል። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር ተዳፋት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ኮምቦልቻን የቦርከና ወንዝ ያቋርጣታል። በእንዲህ ያለ መልክዓ ምድር ላይ ቦይና ድጋፍ ግንብ እንደ ቅንጦት የሚቆጠሩ አይደሉም፤ ለአንድ ዓመት ቢዘገዩ ውሃው የቀረውን መንገድ ይዞ ይወርዳል። ተራራው ገቢዎን አያውቅም፣ እንደ ሜዳማዎቹ ከተሞች ወጪን ማስተላለፍም አይፈቅድም።

በዓለም ባንክ ብድር በተደገፉት የከተማ ልማት ፕሮግራሞች ጊዜ፣ ለምሳሌ 117 ከተሞችን ባቀፈው የከተሞች ተቋማዊና መሠረተ ልማት ማስፋፊያ ፕሮግራም፣ ከተሞች የሦስት ዓመት የካፒታል ኢንቨስትመንት ዕቅድ፣ የንብረት አያያዝ ዕቅድና የገቢ ማሻሻያ ዕቅድ እንዲያዘጋጁ ይጠበቅባቸው ነበር። ብዙዎች ገንዘቡን ያስታውሳሉ፤ እኔ የማስታውሰው ግን ከተሞቻችን ምን ያህል መንገድ፣ ምን ያህል ቦይና ስንት ግብር ከፋይ እንዳላቸው በእውነት እንዲቆጥሩ መገደዳቸውን ነው።

ወደ ጎረቤትዎ እንምጣ። ልዩነቱ ከአራት ምክንያቶች በአንዱ ሊመጣ ይችላል፤ ፋይሉን ሳላይ የትኛው እንደሆነ ልነግርዎ አልችልም። እርስዎ ነባር ይዞታ ኖሮዎት እርሱ በሊዝ የያዘ ከሆነ፣ እርሱ በየዓመቱ የሊዝ ክፍያ ይከፍላል እንጂ የቦታ ኪራይ አይከፍልም። ሊዝ በአዋጅ ቁጥር 721/2004 የሚመራ የተለየ ውል ነውና የሁለታችሁ ደረሰኝ ጎን ለጎን ቢቀመጥ አይመሳሰልም። ከቤትዎ አንዱ ክፍል ሱቅ ተብሎ ተመዝግቦ ከሆነ ተመኑ ከመኖሪያ ይለያል። የእርስዎ ቤት በኋላ ተገምቶ የእርሱ በአሮጌው ግምት ላይ ቆይቶ ሊሆንም ይችላል። አራተኛው ደግሞ በብዛት የሚገጥመው ነው፦ ጎረቤትዎ በመዝገቡ ላይ በትክክል የለም፤ ሠርቪስ ቤት ሠርቶ አላስመዘገበም፣ ወይም ፋይሉ ጠፍቷል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ጊዜ በደቡብም በሰሜንም ወሎ ቢሮዎች ሲዘረፉና ሰነዶች ሲወድሙ፣ የከተማ ግብር ከምንም በላይ የተመሠረተበት መዝገብ ክፉኛ ተጎድቷል። መዝገብ በሌለበት ሕጉን አክብሮ የሚመጣው ሰው ብቻ ይከፍላል፤ ይህም ከተመኑ ማነስ ይልቅ ፍትሕን የሚያጓድል ይመስለኛል።

መዋጮውን እንዳልረሳ። ኮብልስቶን ሲነጠፍ ወይም መብራት ሲዘረጋ ሰፈሩ ይሰበሰባል፣ ወጪው ይነገራል፣ ከተማው የሚሸፍነው ይቀነሳል፣ የቀረው ለየአባወራው ይካፈላል። ይህ በስሌቱ የወንድምዎ ከተማ ጥቅል ግብር ነው፤ ወጪ ይቀድማል፣ ድርሻ ይከተላል። የሚጎድለው ሚዛኑ ነው። ባለ ሦስት ፎቁ ሕንፃና የአንዲት ባልቴት ጭቃ ቤት ብዙ ጊዜ እኩል ይጠየቃሉ፤ ገንዘቡም በምክር ቤቱ በጀት ውስጥ የማይታይበት ጊዜ አለ። በእኔ አስተያየት ለሰፈር መንገድ የሚሰበሰብ መዋጮ ከቤት ግብሩ ጋር በአንድ ሰነድ ላይ ጎን ለጎን መታየት አለበት፤ አለበለዚያ ነዋሪው ለአንድ መንገድ ሁለት ጊዜ መክፈሉን ማንም አያውቅም።

ስለ አዲሱ ታክስ ስንናገር፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 99 መሠረት ለማን እንደሚሆን ተለይቶ ያልተደነገገ የግብር ሥልጣን በሕዝብ ተወካዮችና በፌዴሬሽን ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይወሰናል። የንብረት ታክስም በዚህ መንገድ ለክልሎች የተሰጠ ሲሆን፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ደግሞ በጥር 2017 ዓ.ም. የንብረት ታክስ አዋጅ አጽድቋል። ዋናው ለውጥ መነሻው ነው፤ ከተገመተ ኪራይ ወደ ራሱ ወደ ንብረቱ ዋጋ ይሸጋገራል። ተመኑም በዝቅተኛና በከፍተኛ ወሰን መካከል የሚወሰን ይሆናል።

ይህ የእርስዎን ከተማ የወንድምዎን ያደርጋታል ወይ? በከፊል ያቀርባታል። በወሰኑ ውስጥ የመምረጥ ዕድል ካለ አንድ ምክር ቤት «ዘንድሮ ይህን ያህል ጎድሎናልና ተመኑን እዚህ ላይ እናድርገው» ብሎ ሊከራከር ይችላል። ነገር ግን የዋጋ ግምቱ በየጊዜው ካልታደሰ የ1968ቱ ታሪክ ይደገማል። ግምቱ ታድሶ ተመኑ ባለበት ከቆየ ደግሞ፣ እንደ ሚኒሶታው ምሳሌ ሳይሆን ተመኑ በራሱ ስለማይወርድ፣ የቤት ዋጋ በናረ ቁጥር ማንም ምክር ቤት እጁን ሳያወጣ የእርስዎ ግብር ይጨምራል። የምክር ቤት አባልዎን ሲያገኙ ይህችን አንዲት ነጥብ ይጠይቁ፦ ግምቱ ሲጨምር ተመኑ ይቀንሳል ወይስ ባለበት ይቆያል?

ከዚያ በፊት ግን ሊጠይቋቸው የሚገቡ ወረቀቶች አሉ። የፋይናንስ ግልጽነትና ተጠያቂነት በሚባለው አሠራር መሠረት የበጀት መረጃ ሕዝብ በሚያየው ሰሌዳ ላይ መለጠፍ አለበት፤ ሰሌዳው ባዶ ከሆነ የገንዘብ ጽሕፈት ቤቱን ይጠይቁ። የሦስት ዓመት የማዘጋጃ ቤታዊ ገቢ ዕቅድና ክንውን ጎን ለጎን ይመልከቱ። ዕቅዱ በየዓመቱ ሲወጣ ክንውኑ ባለበት ከቆመ፣ ስለ አዲስ ተመን ከመነጋገር በፊት ሳይከፈል ስለቆየው ውዝፍ መነጋገር ይሻላል። ውዝፉ በማን ላይ እንዳለም ይጠይቁ። ብዙ ገንዘብ በጥቂት ትልልቅ ይዞታዎች ላይ ተኝቶ ስላየሁ ነው፤ አንዳንዶቹም የመንግሥት ተቋማት ናቸው።

ለራስዎ ደግሞ የይዞታ ማረጋገጫዎን ቅጂ ይዘው ይሂዱና በመዝገቡ ላይ ያለውን ስፋት፣ የቦታ ደረጃና አገልግሎት ከወረቀትዎ ጋር ያስተያዩ። ስሕተት ካገኙ አዲሱ ግምት ከመሠራቱ በፊት በጽሑፍ ያመልክቱና የማመልከቻውን ገቢ ቁጥር ይቀበሉ፤ ከተገመተ በኋላ ማስተካከል ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴና ለይግባኝ ይዳርጋል። የቆዩ ደረሰኞችዎን አይጣሉ። መዝገቡ በጠፋበት ከተማ የከፈሉ መሆንዎን የሚመሰክርልዎ ያ ወረቀት ብቻ ሊሆን ይችላል።